ዓይን የሌላቸው የጉድጓድ እንስሳት

ለወንድምዓለም ምስጋናው፣

እንደምን ከረምህልኝ? እኛ ጊዮርጊስ ይመስገን ከእንጅባራ ብርድ በቀር ደህና ነን። ኔትወርክ ስለጠፋ ይኸን በሰው እጅ ልኬልሃለሁ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀኸኝ ነበር። ከጎረቤታችን ከእትዬ ውዴ ጉድጓድ ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ ነጫጭ እንስሳት አወጣን። የሸርጣን የሩቅ ዘመዶች ናቸው፤ ከመሬት በታች በጨለማ ስለሚኖሩ ዓይን የላቸውም። እትዬ ውዴ «ውኃዋ ትል አለው ልታሰኙኝ ነው?» ብለው ተቆጡና ቄስ ጠርተው ጉድጓዱን ጠበል አስረጩ።

ወገናቸው የሚለየው እግራቸው ላይ ባለው ፀጉር ነው። ድሮ በማይክሮስኮፕ እያየሁ የምስለው እኔ ነበርሁ፤ ዘንድሮ ሥዕሉን ለባልደረባዬ ለቤዛዊት ትቼ የዘረመል ምርመራውን ይዣለሁ። እሷ «እነዚህ አምና ጥርባ ከሚባለው ቦታ ካወጣናቸው ይለያሉ» ስትል እኔ አንድ ናቸው ብዬ ድርቅ አልሁ። ዘረመሉ ለእሷ ፈረደ። ከወላጅ የወረደውን አይደብቅም።

እናታችን ዓይኗ ሳይጠፋ በፊት፣ መጀመሪያ ማየት የተሳናት ማታ ማታ ነበር ወይስ ከዳር ከዳሩ? አንተ ታላቅ ስለሆንህ ታስታውሳለህ ብዬ ነው፤ እንዲያው ለማወቅ ያህል።

ፊደሌ መተለቁን አትታዘበኝ፤ እስክሪብቶው ነው። አንተም አደራህን፣ ያን የጭነት መኪና ሳይመሽ አቁመህ እደር።

በደብዳቤዬ ሁሉ «በዓይነ ሥጋ ያገናኘን» እያልሁ ስዘጋ ኖሬአለሁ። ዘንድሮ ግን ለፋሲካ ራስህ ና፤ በቀን ግባ፣ ፊትህን ደህና አድርጌ ልየው።

እህትህ ፋና