ሌዊና የማንአልሞሽ ወፎች

ጥቅምት 8

ዝናብ። ባቡሩ ከሾርላይን ጣቢያ ጀምሮ ሙሉ፤ ቆሜ ሄድኩ። ማታ ምስር ሠራሁ፣ ጨው በዛበት። ሌዊ የሚባል ፈረንጅ ደወለ። ባለቤቴ ማንአልሞሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሙዚየም ስትሠራ ባልደረባዋ የነበረ። ካፖርቷ እዚያ ቀርቷል... ዓመት ሊሞላት ነው እኮ! እስካሁን ለምን አስቀመጠው?

ጥቅምት 11

ሄድኩ። ሌዊ በዕድሜ ቢበልጠኝ እንጂ አያንሰኝም። መልኩም ደህና ነው። (ይህን ለምን አየሁ?)

ካፖርቷን ከሰጠኝ በኋላ መሳቢያ ስቦ አሳየኝ። ጥጥ የተሞሉ የደረቁ ወፎች፣ አውራ ጣት የሚያክሉ። አንትሬን ይባላሉ። በሞቃት አገር ጫካ የደረቀ ቅጠል እየፈተሹ ነፍሳት ይለቅማሉ።

"ድሮ ከሚመስሏቸው ጋር አንድ ወገን ይባሉ ነበር። በኋላ ዘራቸው ሲመረመር ሌላ ሆነው ተገኙ። አዲሱን ስም ጽፋ ወደዚህ ያዛወረቻቸው እሷ ናት" አለኝ።

እኔ "ሥራ እንዴት ዋለ?" ስላት "ደህና" ነበር መልሷ። ይኸው ነው!

"ወንዶቹን ለብቻ፣ ሴቶቹን ለብቻ ነው የምናስተኛው። እሷ ግን ዞር ስል ጥንድ ጥንድ ታደርጋቸዋለች። 'ባልና ሚስት በምን ጥፋታቸው ይለያዩ?' ትለኛለች። እኔ እለያያለሁ፣ እሷ ታገናኛለች..." ሳቀ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በኔ ሚስት!

ጥቅምት 12

ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሐሳቤ መሳቢያው ውስጥ ዋለ። ጌታ ሆይ፣ አፈር በለበሰች ሴት ይቀናል?

ጥቅምት 24

ልጄ ሃሴት ስለ ሙት ዓመቱ ኮል አደረገች።

"ሶ አባዬ፣ ሌዊን ኢንቫይት አደረግከው?"

"የኛ ቅዳሴ ምን ይገባዋል?"

"ኦኬ... ጄለስ ነህ እንዴ?"

"ምን አልሽ?"

"ናቲንግ።"

ሰምቻታለሁ።

ኅዳር 2

ጸሎት ስጀምር የሌዊ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል። ከሱ ጋር ስትስቅ እንዴት ነበረች? ቂም ይዞስ ምን ዝክር አለ?... ደወልኩለት። "እመጣለሁ" አለ።

ኅዳር 14

ዝክሩ በሰላም አለፈ። ሌዊ ጫማውን አውልቆ ከወንዶቹ ጋር ቆመ፤ እስኪያልቅ አልተቀመጠም። አዳራሽ ስንገባ ከጎኔ አስቀመጥኩት። እህሉን ሳይነካ ጠየቀኝ፤

"ቤት ውስጥ እንዴት ነበረች? ስለ ቤቷ አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም።"

ቀና ብዬ አየሁት። ያ ዓይን... አውቀዋለሁ። ወሩን ሙሉ ከሰው ስደብቀው የከረምኩት ነው።

ነገርኩት። ልብስ ስታጥፍ እንደምታንጎራጉር። በረዶ ሲጥል እንደ ልጅ በር ከፍታ እንደምትወጣ። ተቆጥታኝ እንኳ ራቴን ሳታቀርብ እንደማታድር። አፌን አፌን እያየ ሰማኝ።

ብቻችንን ስንሆን የምትጠራኝን ስም ግን አልነገርኩትም። እሱስ የኔ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።