የባዶ ጀሪካን ዕጣ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1988

ሥልጠና ብለው ሥራ አስፈቱን። የላውንደሪው ባለቤት ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግተው ሁላችንንም ወንበር ላይ ደረደሩን። «አካባቢ ጥበቃ» ሲባል እኔ ግቢ መጥረግ መስሎኝ ነበር። አሠልጣኟ ወይዘሪት አልማዝ ትባላለች፤ ቀጭን ናት፣ ድምጿ ግን ወፍራም። የእጥበት ዝቃጩን የት እንደምንደፋ ጠየቀችን። ከኋላ ካለው ቦይ ውስጥ ነዋ! ቦዩ ወንዝ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን፤ አስበነው ግን አናውቅም። ልብስ ተኳሹ ጋሽ ተክሌ ሙሉውን አንቀላፍተው አመለጡ። ሳምቡሳው ጥሩ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6



ዛሬ ወይዘሪት አልማዝ «የእድፍ ማስለቀቂያው ባዶ ጀሪካንስ የት ይሄዳል?» አለች። በኩራት መለስንላት። ማንም ቅር እንዳይለው ቅዳሜ ቅዳሜ ዕጣ እናወጣበታለን፤ የደረሰው ቤቱ ይወስዳል። ዕጣ አውጪዋ እኔ ነኝ፣ ዕቃ ክፍሉን የምይዘው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ቀላል ነገር አይደለም።

 «ውሃ ነው የምትይዙበት?» አለች ወይዘሪት አልማዝ፤ ያ ወፍራም ድምጿ የት እንደገባ እንጃ። መድኃኒቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፤ በአመድም በፈላ ውሃም ብታጥቡት አይለቅም፤ ቀስ እያለ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ጉበት ይጎዳል አለች።

ክው አልኩ። ባለፈው የደረሰኝን ለእህቴ ለሰናይት ሰጥቻታለሁ። ልጇ ገና ጡት ላይ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ገርጂ እህቴ ቤት ሄድኩ። ሰናይት ነገሩን ስነግራት ሳቀችብኝ።

«ስጦታ ይመለሳል እንዴ? ደግሞ ልጁ ጡት እንጂ ውሃ አይጠጣም።»

«አንቺ የምትጠጪውስ የት የሚሄድ ይመስልሻል?»

ሳቋ እዚያው ቀረ። ልጁን ከጡቷ አላቀቀችው፣ ጮኸ፣ መልሳ ሰጠችው፣ እንደገና አላቀቀችው። «ሽታው እኮ ጠፍቶ ነበር፤ በደንብ ነው ያጠብኩት» እያለች ማልቀስ ጀመረች። እኔም አብሬ አለቀስኩ እንጂ ምን ላደርግ? ውሃውን ደጅ ደፋነው። ከደፋነው በኋላ ደግሞ «እዚህስ ይደፋል?» ብዬ ደነገጥኩ። ምን ዓይነት ትምህርት ነው፣ መቆሚያ አሳጣኝ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሷ ሁለቱንም አየች፤ ለጊዜው የሚታይ ነገር የለም አለች። ማጥባቱን እንዳታቋርጪ፣ ውሃውን ብቻ ቀይሪ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ልጁ ግን መንገዱን ሁሉ የነጠላዬን ጫፍ እየጎተተ ሲስቅ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10

የዕጣ ቀን። ባለቤቱ ባዶው ጀሪካን ሁሉ ወደ መድኃኒቱ አስመጪ ይመለስ ብለው ተስማምተዋል። እስኪወሰድ ማንም እንዳይጠቀምበት ምስማርና መዶሻ ይዤ ጀሪካኖቹን ለመብሳት ተቀመጥኩ። ጋሽ ተክሌ መጡ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ዘንድሮ አንዴም አልደረሰኝም፤ ዛሬ የኔ ነው!»

«ጋሼ፣ ሥልጠናው ላይ አልሰሙም እንዴ?»

«የነሱን ወሬ ተይው። እኛን ባዶ ጀሪካን ለመከልከል ነው ይህ ሁሉ።»

ተናደድኩ። የሰናይትን ነገር ከነለቅሶዋ፣ ከነልጇ፣ ከነጤና ጣቢያው አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። መጀመሪያ እጃቸውን እያወናጨፉ ነበር የሚሰሙኝ። ከዚያ እጃቸው ወረደ።

«አምና የደረሰኝስ?» አሉ። «ልጄ እርጉዝ ሆና ስትመጣ የሰጠኋት?»

 ካፖርታቸውን አንስተው ወጡ፤ ካውያውን እንኳን አልነቀሉትም። ነቀልኩላቸው። አምናም ዕጣውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እንዲያውም «እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ» ብዬ አጨብጭቤላቸው ነበር።