ሞተ ያልከው ኮምፒውተር

ይህን ደብዳቤ ብዕር ይዞ የሚጽፈው ጎረቤታችን ህሩይ ነው። ቃሉ ግን የኔ የአባትህ የአብዶ ነው። ከራሱ አንዲት ነገር እንዳይጨምር አስምዬዋለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ስለሆነ ገና ሲጀምር «ጉዳዩ፦ የኮምፒውተር ቤት መዝጋትን ይመለከታል» ብሎ ጽፎ ነበር። አሰረዝኩት። ልጄን ልከሰው ነው እንዴ ስለው፣ እንደ ፊትህ ከሆነ ክስ ሳይሻልህ አይቀርም አለኝ። አይዞህ፣ ክስ አይደለም። ማሞካሸትም ግን አይደለም።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ልጄ በድሪ፣ ኢልመ ኮ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ቀኑን ሙሉ ቆመህ ኮምፒውተር የምትሸጥበት ሱቅ ዛሬም ወንበር ነፍጓችኋል? ባለቤትህ ሳጂዳ ደህና ናት? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርስ አወጣች? የዱባዩ ሙቀት ትንሽ ረገብ አለላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህ ሶፊያ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ዳገት ሲያይ ይከራከራታል። እኔም ዓይኔ ደከመ እንጂ ጆሮዬ ምስጥ ሲበላ ይሰማል። ማሽላው ገብቷል። ሻዕባንም ሊጋመስ ነው፣ አላህ ረመዳኑን በጤና ያድርሰን።

ይህን ሁሉ በስልክ ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ጠንከር ያለ ነገር ስናገርህ ኔትወርኩ ይቆራረጥብሃል፤ ስለ ሰርግ ስናወራ ግን እንደ ምንጭ ይፈሳል። ወረቀት አይቆራረጥም። የሰፈራችን ልጅ ሹክሪያ ሰኞ ወደ አንተ አገር ትበራለች፤ በእጅህ ታስረክብሃለች።

ባለፈው ወር ለእህትህ ለሀምዲያ ደውለህ ያልካትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቋ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ የሰው ማመልከቻ እየጻፈች ስለነበር ድምፅህ እስከ በሩ ይሰማ ነበር። ኮምፒውተሮችሽ ሞተዋል አልካት። ዊንዶውስ አስር የሚባለውን ኩባንያው ከጥቅምት ወዲህ መጠገኑን ትቷል፣ አዲሱን ደግሞ ያንቺ አሮጌዎች አይሸከሙትም፣ ሌባ በኢንተርኔት ገብቶ የሰው መታወቂያና ፓስፖርት ይዞብሽ ይሄዳል አልካት። ስለዚህ ዝጊው፣ የሱቁን ክፍል ለስልክ ዕቃ ነጋዴው አከራየዋለሁ፣ አንቺ ድሬዳዋ አክስትሽ ጋ ሂጂ አልካት። ሀምዲያ ያን ቀን ምሳ አልበላችም፣ እራትም አልበላችም። እናትህ ምን ሆነሽ ብትላት አሞኛል አለች። እኔ ግን በሽታዋ ከየት እንደተደወለ አውቃለሁ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ታውቃለህ። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ሱቋ በር ላይ ተቀምጬ ሰው ሲከራከር እሰማለሁ። በኛ ጊዜ ሰው የሚጣላው በድንበር ነበር፤ ዛሬ ኮምፒውተሩን በሚያሠራው ሲስተም፣ በዊንዶውስና በሊኑክስ ይጣላል። ደንበኛዋ መምህር ዘገየ ከዊንዶውስ ሌላ አልነካም ባይ ነው፤ ለምን ሲሉት እጄ ለምዶታል ይላል። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ማክ ነው ኮምፒውተር፣ ሌላው ቆርቆሮ ነው ይላል። አይተኸው ታውቃለህ ብዬ ጠየቅኩት። በፎቶ አለኝ። በብሮውዘሩማ አታንሳው። ክሮም የለመደ ሁሉ ሀምዲያ ፋየርፎክስ ስትከፍትለት ሌላ አገር ያለ ኢንተርኔት የሰጠችው ይመስል ፊቱን ያጠቁራል። እሷ ይሄ በኔ ማሽን ላይ ይቀለኛል ትላለች። አንድ ቀን ብሮውዘር ምንድነው አልኳት። ወደ ውጭ የሚያወጣ በር ነው አባ አለችኝ። በር ከሆነ ታዲያ ምን ያጣላል? ሰው በቀኙም ይውጣ በግራውም ይውጣ፣ ዋናው መዝጊያ ያለው መሆኑ ነው። ይህ የኔ ሐሳብ ነው፤ እስካሁን የሻረው የለም።

አንተ በምን እንዳደግህ አልነግርህም። ገበሬ አርሶበት አርሶበት፣ አርጅቷል ብሎ ገበያ ያወጣውን በሬ ነበር የምገዛው። አጥንቱ ይቆጠራል፣ ትከሻውን ቀንበር በልቶታል። አብዶ ዛሬም ቆዳ ገዛ እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ቤት አስሬ፣ የማሽላ አገዳውን በእጄ አጉርሼ፣ ጨው አልሼ ሳወጣው ሰንጋ ሆኖ ነጋዴ ይሻማበት ነበር። ለእርሻ ያረጀ ለሁሉም አረጀ ማለት አይደለም። ነገር ግን ጥርሱ ያለቀውን አልገዛም ነበር፤ እሱን ብትቀልበውም ለጅብ ነው። ስለዚህ አንተ ሞቱ ስትል እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ጥርስ አላቸው ወይስ የላቸውም?

ሀምዲያ ሂርና ከተማ ሳቢት የሚባል ጎበዝ የኮምፒውተር ጠጋኝ አለ አለች። እሷ ሱቁን ትታ መሄድ ስለማይሆንላት ያሏትን የሦስቱንም ኮምፒውተር ሳጥን፣ ሲፒዩ የሚሉትን፣ እኔ ይዤ ሄድኩ፤ አንዱን በጋቢዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ፣ ሁለቱን እግሬ ሥር። የሚኒባሱ ረዳት፣ አባባ ከጫቱ ጋር ጣራ ላይ እንጫነው አለኝ። አባትህን ጣራ ላይ ጫን አልኩት። መንገዱን ሙሉ ሰው ምን እንደያዝኩ ይጠይቀኛል። ታማሚ ነው አልኳቸው። አንዲት ሴትዮ አላህ ይማርልህ አለችኝ፤ እኔም አሚን አልኩ።

ሳቢት ከፍቶ አየ። ከውስጡ የወጣው አቧራ እንደ ከተማችን እንደ ጭሮ ያለ ሌላ ከተማ ይሠራ ነበር። ሁለቱ ነፍስ አላቸው፣ ሦስተኛው ግን ውስጡ ተቃጥሏል፣ አይነሳም አለ። ስለዚህ በሦስተኛው ልክ ነበርክ፤ አልዋሽህም። እሱን ቅርጫ አደረግነው፤ ራሙም ሌላውም የሚረባ ነገሩ ለሁለቱ ተከፋፈለ። ለሁለቱ ፈጣን ዲስክ ገባላቸው። ለአንደኛው ሊኑክስ ጫነለት፣ ይህ እስካሁን ጠጋኝ ያለው፣ አፕዴቱም በነጻ የሚመጣለት ነው አለኝ። ሁለተኛው በዊንዶውስ አስሩ ቀረ፤ ምክንያቱም ሀምዲያ ከድሮ ጀምሮ የጻፈቻቸው የአማርኛ ማመልከቻዎች በሊኑክሱ ሲከፈቱ ፊደሉ ጉንዳን ይሆናል። ስለ ሌባው ያልከውንም ለሳቢት ነገርኩት። ልጅህ እውነቱን ነው አለ። ስለዚህ የዊንዶውሱን ከኢንተርኔት ቆርጠነዋል። እንደ ድልብ በሬ ቤት ታስሮ ይሠራል፣ የማንም ፍላሽ አይሰካበትም። ወደ ውጭ የሚወጣው የሊኑክሱ ብቻ ነው። ያልከውን ሰምተናል ማለት ነው። ያልሰማንህ ዝጊው ያልከውን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ችግሩ ከማሽኑ ሳይሆን ከሰው መጣ። የሚኤሶዋን የፍየል ነጋዴ ዑሙልኸይርን ታስታውሳታለህ፤ ልጇን ይዛ የፓስፖርት ቅጹን በኢንተርኔት ልታስሞላ መጣች። የሊኑክሱን ስክሪን ስታይ ከበሩ ቆመች። ይሄ የኔ አይደለም አለች። የኔ አረንጓዴ ኮረብታ ያለበት ነው፣ እሱ እጁ ይቀናል፣ ያኔ የጻፈልኝ ማመልከቻ ወዲያው ነው የተሰማልኝ፤ ይሄን ጥቁሩን አላውቀውም አለች። ሀምዲያ ሲስተሙ ተቀይሮ ነው፣ ይሄኛው ይበልጣል ብላ ብታስረዳት፣ ሴትዮዋ ይበልጥ ፈራች። ልጇን ይዛ ወደ ማዶው ፎቶ ኮፒ ቤት ተሻገረች። በማግስቱም እንደሷ ያሉ መጥተው አይተው ተመለሱ። ሀምዲያ ግንባሯን ኪቦርዱ ላይ አሳርፋ፣ አባ፣ በድሪ ልክ ሳይሆን አይቀርም አለችኝ።

ያን ጊዜ ተቆጣሁ፤ በእሷ ሳይሆን በነገሩ። ገበያ ውስጥ ሰው በሬን የሚያውቀው በመልኩ ነው። ቡሬውን ያውቃል፣ ዳልቻውን ያውቃል። ኮረብታውን መልሺላቸው አልኳት። እሱ እኮ ሥዕል ብቻ ነው አባ አለች። ቆዳም እኮ ሥዕል ነው፣ መልሺው አልኳት። መለሰችው። ዑሙልኸይር በሌላ ቀን በበሩ ስታልፍ አንገቷን አስግጋ አየችና፣ ይኸውልህ መጣ አለች። እኔ ግን ቀለም የተቀባ በሬ ሸጬ አላውቅም። ዑሙልኸይር፣ መልኩ የድሮው ነው፣ ውስጡ ግን ተለውጧል፣ እወቂው አልኳት። እሷም፣ የኔስ ውስጥ አልተለወጠም እንዴ፣ ባሌ ግን በመልኬ ነው የሚያውቀኝ፤ በይ ጻፊ ልጄ አለች። ሀምዲያ እስክታነባ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ትናንት ያ የስልክ ዕቃ ነጋዴ ቁልፍ ልቀበል ብሎ መጣ። በድሪ ቃል ሰጥቶኛል አለኝ። ሀምዲያ ወንበር አወጣችለት፣ ውሃ ሰጠችው፣ ወደ ኪቦርዷ ተመለሰች። እኔ ተናገርኩ። በድሪ የሰጠህን ቃል ዱባይ ሄደህ ተቀበል፣ ቁልፉ ጭሮ ነው ያለው አልኩት። ዛሬ ደግሞ ከጁምዓ በኋላ፣ በደስታም በሐዘንም የምንረዳዳባቸውን የአፎሻችንን ሽማግሌዎች ሰብስቤ በፊታቸው ተናግሬያለሁ። ክፍሉ የሀምዲያ ነው። ብታገባም የሷ ነው፣ ባታገባም የሷ ነው። ጣራውን አንተ እንዳለበስከው አልካድኩም፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ስምህን እየጠራን እንመርቅሃለን። ጣራ ያለበሰ ሰው ግን በር አይዘጋም።

እዚህ ጋ ህሩይ ብዕሩን አስቀመጠ። ይህቺ ልጅ እንጀራዬን ዘጋችብኝ፣ አንተ ደግሞ በእጄ ክፍል ታጽፍላታለህ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ታይፕራይተሩ ላይ ዛሬ ዶሮ ትተኛበታለች። ግን የልጅህን የእየሩስን የሥራ ማመልከቻ የት ነው ያስጻፍከው ስለው ወደ ሀምዲያ ሱቅ አየ። ብዕሩንም አነሳ።

ከአንተ የምፈልገውን ልንገርህ። አዲስ ኮምፒውተር አትላክ። አንተ ዕውቀቱ አለህ፤ ሥራውን የሚያውቅ ወንድም ሁንላት። ደውልና ምን ያስፈራሻል፣ ምን ጎደለሽ በላት። የሰው ወረቀት ሠርታ ስትጨርስ ከማሽኑ ላይ እንዴት ጨርሳ እንደምታጠፋው አስተምራት፤ እሱን ሳቢትም በደንብ አላሳያትም። ብትሳሳት ውቀሳት፣ በዕውቀት ግን ውቀሳት። ዝጊ ማለት ዕውቀት አይደለም፤ እሱንማ ዘበኛም ይለዋል።

መልስህን በእሷ ስም ላክ። የምታነብልኝም እሷ ናት፣ ሌላ ሰው እንዲያነብልኝ አልፈቅድም። ክፉ ከጻፍክ ክፉውን የምሰማው በእህትህ አፍ ነው። ብዕር ስታነሳ ይህን አስብ።

ለሳጂዳ ሰላም በልልኝ፤ በሰው አገር ቤት የያዘች ልጅ ናት፣ አላህ ያክብራት። ትልቁን ልጅ ቁርአኑን እንዳያቋርጥ አያትህ ብሏል በለው። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። እናትህ ሶፊያ ሰላም ትልሃለች፤ ወገብህን በሞቀ ዘይት እሸው ትላለች። የህሩይ ባለቤት አዳነች ሰላም ብላለች። ሹክሪያን ስታገኛት ሳትበላ እንዳትሸኛት። ሀምዲያ መጻፌን አታውቅም፤ ብታውቅ ግን ከሁላችን በፊት ሰላም የምትልህ እሷ ነበረች።

አባትህ አብዶ
ጭሮ፣ ምዕራብ ሐረርጌ
ዓርብ፣ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

በል ህሩይ፣ አሁን ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። ክፍሉ የሀምዲያ ነው ያልኩበት ጋ ስትደርስ ድምፅህን ከፍ አድርገው። ከግድግዳው ማዶ ናት፤ ለሷ ገና አልነገርኳትም።