የእትዬ ተናኘወርቅ ዋስትና

አሰላ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1966 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ተናኘወርቅ፣

ናዝሬት ልጅዎ ዘንድ ከሄዱ ወዲህ ጤናዎ እንዴት ነው? ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

በሚያዝያ፣ የአዲስ አበባው የሙስሊሞች ሰልፍ ወሬ ትንሿ ከተማችን በደረሰ ሳምንት፣ የእህሉ መጋዘን ሲቃጠል ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ ሙስሊም ነጋዴዎቹ ቀሰረ። ሱቆቻቸው በድንጋይ ተደበደቡ። አለቃዬም «ለጸጥታ ሲባል» ብሎ ከነጋዴዎቹ ዘጠኙን ሰብስቦ አሰረ። የፖሊስ ጣቢያው ጸሐፊ እኔ ነበርኩና ስማቸውን የመዘገብኩት በገዛ እጄ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የቤትዎን ወረቀት በነጠላዎ ጫፍ ቋጥረው መጡ።

«በሕግ አምላክ! ከሳሻቸው ማነው?» አሉ።

«እትዬ፣ ከተማው ሊታመስ ነው። ጸጥታ ይቀድማል» አለ አለቃዬ።

«ጸጥታውንማ ከማንም በላይ እኔ እፈልገዋለሁ፤ ቤቴ ከመጋዘኑ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። እሳቱን የጫረውን ፈልጋችሁ እሰሩ። በወሬ ሰው ካሰራችሁ ግን እሱ እየሳቀ ይኖራል። ለዘጠኙም ዋስ ነኝ። አንዱ ቢጠፋ ቤቴን ውሰዱ።»

ከደጅ አንዱ «ክርስቲያን ሆነው ለእስላም?» ሲል ጮኸ።

ዞር ብለው «አዎ፣ ክርስቲያን ሆኜ» አሉት።

አለቃዬ እያጉረመረመ፣ በየጠዋቱ ጣቢያ እየመጡ እንዲፈርሙ አድርጎ ለቀቃቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዳቸውም አልቀሩም። ኋላ የመጋዘኑ ዘበኛ፣ ለብርድ ያነደደው እሳት ጆንያውን እንደያዘው ራሱ አመነ።

እኔ ግን ያላመንኩት ጥፋት አለ። ጨርቅ ነጋዴው ሽኩር በቃጠሎው ቀን ዲክሲስ ከተማ ሄዶ ነበር። ጭነት መኪና ላይ ሲወጣ አይቼዋለሁ። እንጀራዬን ፈርቼ ስሙን ጻፍኩት። እርስዎ «ልጄ በለጠ፣ ሽኩር ያን ቀን የት እንደነበረ አታውቅም?» ሲሉኝ ወረቀቴ ላይ አቀረቀርኩ። ደግመው አልጠየቁኝም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ አሁን ተዛውሬ ከምሠራበት ከአሰላ ተነስቼ ወደ ከተማችን ተመለስኩ፤ ሱቁ ሄድኩና ነገርኩት። አቡጀዲ እየለካ ነበር። መቀሱን አስቀመጠ።

«አውቅ ነበር» አለኝ። «መኪናው ላይ ሆኜ እጅ ተነሳስተን የለ? ልከስህ ስነሳ የከለከሉኝ እትዬ ተናኘወርቅ ናቸው። ‹ተወው ሽኩር፣ በራሱ እግር ይመጣል› አሉኝ።»

እትዬ፣ አራት ወር ፈጀብኝ እንጂ መጣሁ።

አክባሪ ልጅዎ
በለጠ