ከሱቃችን ጀርባ ስለሚነደው ላስቲክ

ለክቡር አቶ ይገዙ
በአይቮሪ ፓርክ የሰፈራችን ባለሱቆች ማኅበር ሊቀመንበር
ግልባጭ፦ በዋትስአፕ ግሩፓችን ላሉ አባላት በሙሉ

እጅግ የማከብርዎ ሊቀመንበራችን፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም ጤናችሁ ይብዛልኝ፤ በተለይ ደግሞ ሳንባችሁን አላህ ይጠብቅልኝ። እኔና ባለቤቴ ተማም ደህና ነን። የሰባት ዓመቷ ልጃችን ሲሃም ግን ደህና የምትሆነው ማክሰኞና አርብ ባልሆኑ ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ስለነዚህ ሁለት ቀናት ጥቂት እንድጽፍልዎ ይፍቀዱልኝ።

ነገሩን ለማያውቁ አዳዲስ አባላት ባጭሩ ላስታውስ። የዛሬ ሁለት ዓመት የአባላችን የሙዘሚል ሱቅ ዕቃ በገባለት ማግስት ተዘረፈ። ኮሚቴያችንም ተሰብስቦ መረመረና፣ ሌቦቹ ዕቃ መግባቱን ያወቁት በር ላይ ከተጣለው የጁስና የቺፕስ መጠቅለያ ላስቲክ ነው ሲል ደረሰበት። ስለዚህ ማንም ላስቲክ ውጭ እንዳያወጣ፣ አስራ አንዱም ሱቆች ከታውን፣ ከመሀል ከተማው ጅምላ መደብሮች፣ ዕቃ በሚመጣበት ማክሰኞና አርብ ከእኛ ሱቅ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ እያመጡ እንዲያቃጥሉ ተወሰነ። ለአንድ ወር ብቻ ነው ብለውን ነበር። እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁና ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ነው አልልም። አሁን ግን ወሩ ሃያ አራተኛ ወሩን ስለያዘ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ምስጢር አጠባበቃችን አመሰግናለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ፣ እያለ የሚጠራቸው ጎረቤታችን ኖምሳ ጥቁሩ ጭስ ከጣሪያችን በላይ ሲወጣ ባዩ ቁጥር ያሰጡትን ልብስ ሰብስበው ወደ ቤት ያስገቡና፣ ዘንቢላቸውን ይዘው መጥተው አዲሱ ቺፕስ ገባ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። እስከ ታክሲ መናኸሪያው የሚታይ ጭስ እያስነሳን ዕቃ መግባቱን ደብቀናል ማለታችን ያስደንቀኛል። እኚህ አሮጊት ያወቁትን ሌባው እንዴት ሊያጣው እንደሚችል ኮሚቴው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሲሃም። ክሊኒክ ያለችው ነርስ ደረቷን አዳምጣ ቤት ውስጥ ማን ነው የሚያጨሰው አለችኝ። ማንም አያጨስም አልኳት። ታዲያ በአካባቢያችሁ የሚቃጠል ነገር አለ ወይ ስትለኝ፣ ተቆጣጣሪ ይመጣብናል፣ ሱቆቻችን ይታሸጋሉ ብዬ ፈርቼ አላውቅም አልኳት። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ እየሰማችኝ ዋሸሁ። ከዚያ ወዲህ እሳቱ በተለኮሰ ቁጥር መስኮት እዘጋለሁ፣ ቤቱ በሙቀት ሲታፈን እከፍታለሁ፣ ጭሱ ሲገባ መልሼ እዘጋለሁ። ደንበኛ ፊት ቆሜ ዳቦ እየሰጠሁ ጆሮዬ ሲሃም ከተኛችበት ከመጋረጃው ኋላ ነው። የአስም ፓምፗን ስንቴ እንደሳበች ለመስማት ሬዲዮ ማጥፋት ጀምሬያለሁ። ተማም እባክሽ ቁጭ በይ ይለኛል፤ እኔም ቁጭ እላለሁ፣ ወዲያው ደግሞ እነሳለሁ። ፈርቻለሁ አቶ ይገዙ፤ ሌላ የማሳምርበት ቃል የለኝም።

ሦስተኛ፣ ነዶ የማያልቀው ላስቲክ ቀልጦ ድንጋይ እያከለ ቦዩ ውስጥ ስለሚገባ፣ ባለፈው ዝናብ ውኃው መውጫ አጥቶ ወደ ሱቃችን ጎራ ብሎ ነበር። የበቆሎ ዱቄታችንን አርሶ ሄደ። ስለ ጉብኝቱ እናመሰግናለን።

አራተኛ፣ ያቀረብኳቸውን ሐሳቦች በትዕግሥት ሰምታችሁ ስለጣላችሁልኝ። ትልልቅ ማዳበሪያ በጋሪ እየጎተቱ ፕላስቲክ የሚለቅሙት ሰዎች ንጹሕ ላስቲክ ስናገኝ እንወስዳለን ብለውኛል፤ እሱን ሸጠው ነው የሚያድሩት። ስነግራችሁ፣ ብዛቱን አይተው ወሬ ያወጣሉ ተባለ። እሺ፣ ከታውን ዕቃ ጭኖ የሚመጣው መኪና ሲመለስ ባዶውን ነውና ላስቲኩን ተጣጥፎ ይዞልን ይሂድ፣ ከሰፈራችን ውጭ ለለቃሚዎቹ ይስጥልን አልኩ። ጸሐፊያችን ፍቅረማርያም ደግሞ መኪናው ይቆሽሻል አለኝ። ከአንዲት ሕፃን ደረት ይልቅ የመኪና ወለል በንጽሕና መያዝ እንዳለበት ባለማወቄ ማኅበሩን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ መዋጮው አመሰግናለሁ። ባለፈው እሑድ አባላችንን ሚስባህን ልካችሁብን ነበር። አባላቱ አዋጥተው ለሲሃም የአውሮፕላን ትኬት ሊቆርጡላት እንደተስማሙ፣ አየሩ ጥሩ ስለሆነ አገር ቤት ወራቤ፣ የተማም እናት ዘንድ ብትቀመጥ እንደሚሻል በአክብሮት ነገረን። ለመዋጮ ማን ይቀድመናል! ሰው ሲሞት እናዋጣለን፣ ሲታሰር እናዋጣለን፣ ልጅ በጭስ ሲታፈን ደግሞ እሳቱን ከማጥፋት ይልቅ ልጅቷን ለማሸሽ እናዋጣለን። ከሰፈሩ አንዱ መውጣት ካለበት ላስቲኩ የቤት ልጅ ሆኖ፣ የእኔ ልጅ እንግዳ ሆና ተገኘች። ሲሃም የተወለደችው እዚሁ በስደት አገራችን ነው፤ ወራቤን የምታውቃት በስልክ ስክሪን ላይ ነው። ተማም ለሚስባህ እንማከርበታለን ብሎ መለሰለት፤ ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ አያየኝም። መልካም ሐሳባችሁን ከልቤ አመሰግናለሁ፣ ልጄን ግን አልሰጥም።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሚመጣው አርብ እሳት እንዳይለኮስ። የእኛ ሱቅ ላስቲክ ከባለፈው ማክሰኞ ጀምሮ ተጣጥፎ መደርደሪያ ስር ተቀምጧል። ሌባ ካየው ይየው፤ ከሌባው ይልቅ እሳቱን መፍራት ጀምሬያለሁ።

የኮሚቴውን ውሳኔ ከመስኮቷ ላይ በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ የምትውለው፣
ከፍ ባለ አክብሮትና ባጠረ እስትንፋስ የምትሰናበትዎ፣
ሙርሺዳ፣ የሲሃም እናት

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ኮሚቴው ለሲሃም ጥሩ አየር ያለበት ቦታ ሲያስብ፣ ከወራቤ የሚቀርብ ቦታ ሳይዘነጋ አልቀረም። እዚሁ አጠገባችን ሚድራንድ ያለው ቤትዎ ዛፍ አለው፤ ባለቤትዎም የቤታችሁን ላስቲክ ለብቻ ለይተው በር ላይ እንደሚያስቀምጡ፣ መኪና መጥቶ እንደሚያነሳው አጫውተውኛል። ስለዚህ እሳቱ የማይቀር ከሆነ፣ አርብ ከመለኮሱ በፊት ሲሃምን እናንተ ዘንድ አደርሳታለሁ፣ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ። ልብሷና ፓምፗ በቦርሳዋ ተዘጋጅተዋል። ጨዋ ልጅ ናት፤ ስትታመም ሰው እንዳትቀሰቅስ ብላ አፏን በትራስ አፍና ነው የምትስለው፤ ስለዚህ እንዲሰሟት የመኝታ ቤትዎን በር ገርበብ አድርገው ይተኙ።