ጥርስ የሌለው ቁልፍ

ጥቅምት 3

ሦስት ቁልፍ ቀረጽኩ። አንድ የዛገ ጓጉንቸር ፈታሁ። ሌላ ምን አለ... ጻፊ እንጂ ምራቴ፣ እስክሪብቶ አትንከሺ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ያቃተኝ በር የለም። ይህም ይጻፍ።

ፀጉር አስተካካዩ ዛሬም በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ የአገር ቁልፍ እንዴት አደረች?» አለኝ። ቅናት ነው። አምና ኃያሉ ጎረቤት አገር ሮኬቶቹን ኮረብታችን ላይ ልትከል ሲል፣ ገበሬዎቹ መሬታችንን አንለቅም ብለው ነበር። ስብሰባው ላይ ተነሥቼ ያበረድኳቸው እኔ ነኝ። «ሮኬቱ የሚተኮሰው በሁለት ቁልፍ ነው። አንዱ የነሱ፣ አንዱ የኛ። የኛው የወታደሩ ልጄ እጅ ላይ ነው ያለው። እሱ ካላዞረ ንቅንቅ አይልም። ቁልፍ የያዘ ባለቤት ነው!» አልኩ። አጨበጨቡ። ለቀቁ።

ጥቅምት 9

ልጄ ከካምፕ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። መሃረብ ፈታ... ቁልፉ ለሁለት ተሰብሯል።

«ስወለውል እጄ ላይ ቀረ፣ አባዬ። ነገ ልምምድ አለ፣ እንግዶችም ይመጣሉ። ከታወቀ ዘብጥያ ነው የምወርደው። ቅረጽልኝ።»

ስብራቱን አገላብጬ አየሁት። ቱ! ይሄ ነው የአገር ቁልፍ? የጠረጴዛ መሳቢያ ቁልፍ! ብረቱ እንኳ ብረት አይደለም። እኔ ይሄን ለሰው ብሸጥ አፍራለሁ።

መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቆሟል። በሞረድ ቀረጽኩት፣ ጥርሱን አንድ በአንድ።

ጥቅምት 10

ጉድ ሆንኩ። ልጄ እኔ ሳልነሣ ማልዶ ወስዶ ሄዷል። የቀረጽኩት ቁልፍ ግን ይኸው፣ ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ እንደታሰረ አለ! ያነሣው ጠረጴዛው ላይ የተረፈውን ልሙጡን ነው። ጥርስ ያልወጣለትን። ምን ነክቶኝ ነው ሳልሰጠው የተኛሁት? ...አታልቅሺ፣ ወረቀቱን ታረጥቢዋለሽ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እየሳቀ ገባ። «አባዬ፣ እጅህ ይባረክ! ዞረ። አረንጓዴው መብራት በራ። እንግዶቹ አጨበጨቡልን።»

«አምጣው እስቲ።»

አውራ ጣቱን ይዤ ጠርዙ ላይ አስኬድኩለት። ልሙጥ። ሞርሳው ላይ ያለውን አሳየሁት። ሳቁ ከፊቱ ወረደ።

ጥርስ የሌለው ቁልፍ ከዞረ፣ የሚከፍተውም የሚዘጋውም የለም ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያሻም። ሮኬቱ በነሱ ቁልፍ ብቻ ይሄዳል። የኛ... አምፖል ማብሪያ። የልጅ መጫወቻ!

ጥቅምት 14

ልጄ ለአዛዡ ነገረው። ምን ቢለው ጥሩ ነው? ሳቀበት! «አንተ ዛሬ ነው የነቃኸው? ሥራህ ማዞር ነው። አዙር።»

ያውቃሉ። ሁሉም ያውቃሉ። ሚኒስትሩም በሬዲዮ «ቁልፉ በእጃችን ነው» የሚለው እያወቀ ነው።

ጥቅምት 15

አምና መሬት ከለቀቁት ገበሬዎች አንዱን መንገድ ላይ አገኘሁት። ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ምነው በሰደበኝ።

ጥቅምት 21

የሰፈሩ ሊቀመንበር ሱቄ መጣ። ጎረቤታችን ሁለተኛውንም ኮረብታ ፈልጓል። አይ መፈለግ! «ጋሼ፣ ስብሰባው ላይ እንዳምናው ደህና አድርገው ያስረዱልን» አለኝ።

ብናገር ልጄ ይታሰራል። ዝም ብል ደግሞ ሌላው ገበሬ በኔ አፍ ተታሎ ይነቀላል። ምራቴ፣ አንቺም «አባባ፣ ልጆቼስ?» አልሽኝ። እሱንም ጻፊው።

ጥቅምት 24

ተናገርኩ። «አምና ዋሽቻችኋለሁ። ሳላውቅ ነው፣ ቢሆንም ውሸት ውሸት ነው። የኛ ቁልፍ የሚዘጋው ነገር የለም።»

ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነሣ። «ማን ነገረዎት?»

«ቁልፍ ሠሪ ነኝ።»

«ካምፕ ገብተው አያውቁም። ማን ነገረዎት ነው የምልዎ?»



«እኔ» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ልጄ። የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ቆሟል። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ቀልድ አጣ። ሁለተኛውን ኮረብታ ለመልቀቅ አንድም ሰው አልፈረመም።

ጥቅምት 29

ከምራቴ ጋር ልጄን እስር ቤት ጠይቀን መጣን። ዐሥር ደቂቃ ብቻ። «አባዬ፣ አይዞህ» ይለኛል። እሱ ለኔ!

ወደ ውስጥ መለሱትና ጠባቂው በሩን ቆለፈ። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ሁለት ዙር። ወፍራም ብረት፣ ደልደል ያለ ጥርስ... መቀርቀሪያው ግጥም ብሎ ሲገባ ግድግዳው ነዘረ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ቁልፍ አልቀረጽኩም።

ለካስ ደህና ቁልፍ አላቸው።