የአባትሽ ብር ቅብ ትሪ

ልጄ፣ መውጣት መግባትሽን ይባርክልኝ፤ በሰው አገር ሰው አይንሳሽ። እኛ ደህና ነን። የኩሽናው በር ተሠራ፣ ጉንፋኑም ለቀቀኝ።

አባትሽ ጡረታ ሲወጣ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ስሙ የተቀረጸበት ብር ቅብ ትሪ ሸለመው። ብርጭቆ ላቀርብበት ብል «ይሄ ዕቃ መሰለሽ እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። ታዲያ በየጠዋቱ በሥራ መግቢያ ሰዓት ኮቱን ለብሶ ይቀመጥና በጨርቅ ይወለውለዋል። ጎረቤታችን አንጥረኛው አይቶ፣ «ቅቡ ስስ ነው፤ እንዲህ ከተፈተገ መዳቡ ይወጣል፣ ስማቸውም ይደበዝዛል» አለኝ። በምን አንደበት ልንገረው?

እባክሽ ጠዋት ጠዋት በቪዲዮ ደውዪለት። ቧንቧሽ ደህና ቢሆንም ያንጠባጥባል በይው። እሱ ሲያስረዳ በሁለት እጁ ነው፤ ጨርቁን ያስቀምጣል።

ፈጣሪ አንቺንም ጠያቂ አያሳጣሽ።

እናትሽ